ጉበትና ብቅል፤ የእሌኒ አክሊሉ ምርምር

ይህ ጽሑፍ ለማስተማር ልምምድ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ለምትሄዱ ሠልጣኞች በተለይ ይጠቅማል ብለን እናስባለን። ስለ ኢንዛይም ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምናነሣው ምራቅንና ጨጓራን ነው። ጉበትን ግን እናልፈዋለን፤ ለምን እንደሆነ እንጃ! የምንውጠው መድኃኒት ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው እኮ እዚያ ነው።

ጠላ ጠማቂዎች በእጃቸው የሚያውቁትን እናስታውስ። ገብስ በቅሎ ብቅል ሲሆን በውስጡ ኢንዛይም ይፈጠራል። ይኸው ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። (ጌሾው መራራነት ይሰጣል እንጂ ይህን ሥራ አይሠራም።) ጉበትም የራሱ ብቅል አለው እንበል። ብዙ መድኃኒቶች በውሃ በቀላሉ ስለማይሟሙ ኩላሊት እነሱን ለማስወጣት ይቸገራል። የጉበት ኢንዛይሞች መድኃኒቱን ለውጠው በውሃ እንዲሟሟ ያደርጉታል፤ ከዚያ በሽንት ይወጣል። የእነዚህ ኢንዛይሞች ዋናው ቤተሰብ ሲቶክሮም ፒ-450 ሲባል፣ ከአባላቱ አንዱ 2-ዲ-6 የሚል ስም አለው።

ይህ ኢንዛይም በሁሉም ሰው እኩል አለመሥራቱ የታወቀው በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። ሮበርት ስሚዝ የተባለ የለንደን ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ዴብሪሶኩዊን የሚባል የደም ግፊት መድኃኒት ዋጠ። ሌሎቹ ብዙም አልተጎዱም፤ እርሱ ግን የደም ግፊቱ ወርዶ መቆም አቃተው። ጉበቱ መድኃኒቱን የሚለውጠው እጅግ በዝግታ ነበር። የቡድኑ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1977 ታተመ።

ታዲያ የኛ ሰው ጉበትስ? ይህን ጥያቄ የያዘችው ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ናት። በስዊድን በካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ከባልደረቦቿ ጋር 122 ኢትዮጵያውያንን መረመረች። ዴብሪሶኩዊን ተሰጥቷቸው በሽንታቸው የወጣው ተለካ፤ ጂናቸውም ታየ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው ውጤት የሚያስደንቅ ነበር። ከተመረመሩት 29 በመቶ የሚሆኑት የ2-ዲ-6 ጂን ተባዝቶ የሚገኝባቸው ሆኑ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። ጂኑ ሲበዛ ኢንዛይሙ ይበዛል፤ መድኃኒቱም ቶሎ ይለወጣል። በርግጥ 122 ሰው ለሀገሩ ሁሉ አይናገርም። ቢሆንም ለአውሮፓውያን ተለክቶ የተወሰነ መጠን ለሁሉም እኩል ይሠራል የሚለውን ሐሳብ የሚያናጋ ነው።

ለምን በዛ? የምርምሩ ሰዎች አንድ መላምት ያቀርባሉ። ይኸውም በጥንት ዘመን በረሀብ ጊዜ መራራና መርዛማ ዕፅዋት የበሉ ሰዎች መካከል ይህ ኢንዛይም የበዛላቸው ሳይተርፉ አልቀረም የሚል ነው። መላምት ነው፤ ክፍል ውስጥ ስታነሡት እንደ መላምት አንሡት።

ፈጣን መሆን ግን ሁልጊዜ በጎ አይደለም። ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እንውሰድ። ዋናው ኃይሉ የሚመጣው በዚሁ ኢንዛይም ከፊሉ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ኢንዛይሙ እጅግ የፈጠነ ሕፃን ከሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ ሞርፊን ይመረትበትና ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ልጆች ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ በዚህ ስለሞቱ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ብርቱ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኮዴይን እንዳይሰጥ ወሰነ። እንግዲህ «ለኔ ልጅ ሠርቷል፣ ላንቺም ልጅ ስጭው» ተብሎ ከጎረቤት የሚመጣ ኪኒን ምን ሊያደርስ እንደሚችል ገምቱ!

ነገሩ በጂን ብቻም አያልቅም። እሌኒ በ2002 ባሳተመችው ጥናት ኢትዮጵያ የሚኖሩትንና ስዊድን የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን አነጻጸረች። ጂናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ሀገር ቤት ያሉት ኢንዛይማቸው ዘገም ያለ ሆኖ ተገኘ። ምግብ ይሁን ሌላ፣ አካባቢ እጁን ያስገባል ማለት ነው። በ2003 ደግሞ ካፌይንን ስለሚለውጠው 1-ኤ-2 ስለሚባለው ኢንዛይም ጻፈች፤ አንዱ ሦስተኛ ስኒ ጠጥቶ ሲተኛ ሌላው በአንድ ስኒ ዓይኑን ሲያፈጥ የሚያድርበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ከዚያም የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሆነውን ኤፋቪረንዝን በኢትዮጵያውያንና በታንዛንያውያን ላይ ከባልደረቦቿ ጋር አጥንታለች፤ በታንዛንያውያኑ ደም ውስጥ የተገኘው መጠን ከፍ ያለ ነበር።

ይህን ለተማሪ ማሳየት ቀላል ነው። ከገበያ ብቅል ግዙና ፍጩት። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ 1 ማንኪያ፣ በሌላው 2 ማንኪያ ዘፍዝፋችሁ አጥልሉት። በሦስተኛው ደግሞ 2 ማንኪያ ዘፍዝፋችሁ ካጠለላችሁ በኋላ ውሃውን በደንብ አፍሉት። ቀጠን ያለ የዱቄት አጥሚት አብስላችሁ ለብ ሲል ለሦስቱም እኩል ጨምሩ። በየአምስት ደቂቃው ከየብርጭቆው ጥቂት ቀድታችሁ አንድ ጠብታ አዮዲን አድርጉበት። ስታርች እስካለ ድረስ ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ቀድሞ ቀለሙን የሚተወው ባለ 2 ማንኪያው ነው፤ ባለ 1 ማንኪያው ይዘገያል። የፈላው ግን ኢንዛይሙ በሙቀት ስለተበላሸ ጥቁር ሰማያዊ እንደሆነ ይቆያል።