ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ መደገፍና መደጋገፍ

ሀ. ምንባብ
ተማሪዎች፣ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡም «ደገፈ» እና «ረዳ» ከሚሉት ግሦች የወጡትን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ።

የስኳር በሽታ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከሚገባው በላይ ሲሆን የሚከሠት ሕመም ነው። ስኳሩ ለብዙ ዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ፣ ሬቲና የተባለውንና ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ስስ ሽፋን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል። አንዳንዶቹ ያፈስሳሉ፤ አንዳንዶቹም ይዘጋሉ፤ ውለው አድረው የሚበቅሉት አዳዲስ ሥሮች ደካሞች ስለሆኑ በቀላሉ ይደማሉ። ጉዳቱ ሲጀምር አያሳምምም፤ ዕይታንም አይቀንስም። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ዓይኑ ደኅና ቢመስለውም እንኳ በየዓመቱ ሊመረመር ይገባዋል። የሌዘር ጨረር ሕክምና ጉዳቱን ሊገታ ይችላል፤ የጠፋውን ብርሃን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም።

ይሁን እንጂ የሚታመመው ዓይን ብቻ አይደለም። በጮቄ ተራራ ግርጌ የሚኖር አንድ ጎልማሳ ገበሬ እናስብ። የሰው ፊት መለየት ተሳነው። ሰላምታ ሳይሰጥ ሲያልፍ ጎረቤቶቹ ኩራት መሰላቸው። እርሱም «ዕውር ይሉኛል» ብሎ ፈርቶ ሕመሙን ደበቀ፤ ከሰንበቴውና ከእድሩም ቀረ። ልጆቹ «አባባ፣ እርስዎ ይረፉ» እያሉ ሥራውን ሁሉ ወሰዱበት። ከርኅራኄ የመጣ ቢሆንም፣ ራሱን እንደ ሸክም እንዲቆጥር አደረገው። እንቅልፍ አጣ፤ መድኃኒቱን መዘንጋት፣ ቀጠሮውን ማሳለፍ ጀመረ። በዚህም የተነሣ ስኳሩ ከፍ አለ፤ ዓይኑ ባሰበት፤ ኀዘኑም በረታ። እንዲህ ኀዘን በሽታን፣ በሽታም ኀዘንን ይወልዳል።

መፍትሔው የሚጀምረው ከመናገር ነው፤ አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉና። ቤተ ሰብ የመድኃኒቱን ሰዓት ያስታውሰዋል፤ ጎረቤት እስከ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይሸኘዋል። ለከፍተኛ ሕክምና አዲስ አበባ ቢላክም መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ገንዘብና አብሮ ሂያጅ ያስፈልገዋል። እድር ለቀብር እንደሚደርስ ሁሉ፣ አባሉ በሕይወት ሳለ ለቀጠሮው ቢደርስለት መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበርም እንደ ስሙ የሕመምተኞች መሰባሰቢያ ነው።

ደጋፊው ግን አንድ ነገር አይዘንጋ። ዓይኑ የደከመ ሰው ገመድ ይገምዳል፤ የተጣላ ያስታርቃል፤ ስለ ዘርና ስለ ወቅት ይመክራል። እርሱ የሚሻው መደገፍን ብቻ ሳይሆን መደጋገፍን ነው።

ለ. የቃላት ፍች
ርኅራኄ — ለተቸገረ ማዘን፣ መራራት
ተሳነው — አቃተው
ገታ — እንዳይቀጥል ያዘ፣ አቆመ

ሐ. ሰዋስው
እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።
1. አድራጊ፦ ልጁ አባቱን ደገፈ።
2. ተደራጊ፦ አባትየው በልጁ ተደገፈ።
3. ተደራራጊ፦ አባትና ልጅ ተደጋገፉ።

በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር አባትየው ድርጊቱ የሚፈጸምበት ብቻ ነው። በሦስተኛው ግን ሁለቱም ይሠራሉ፤ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ልጁ ለአባቱ ዓይን ሲሆነው፣ አባትየው ልምዱን ያካፍለዋል። በአሠራሩ «ተ» ከፊት ይጨመራል፤ የግሡ መካከለኛ ፊደል ይደገማል፤ ከተደገሙት የመጀመሪያው ወደ ራብዕ ይለወጣል፦ ጠየቀ፣ ተጠየቀ፣ ተጠያየቀ።

«ተረዳ» ሁለት ፍች እንዳለው ልብ በሉ፦ «ርዳታ ተቀበለ» እና «ገባው፣ አስተዋለ»። የሌላውን ችግር ያልተረዳ ሰው በሚገባ ሊረዳው አይችልም።

መ. መልመጃ
1. «መከረ»፣ «ጠበቀ»፣ «ነገረ» የሚሉትን ግሦች በተደራጊና በተደራራጊ አዕማድ እየለወጣችሁ ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
2. የገበሬው ልጆች ምን ቢያደርጉ ኖሮ አባታቸው ራሱን እንደ ሸክም ባልቆጠረ ነበር? በሁለት ዐረፍተ ነገሮች መልሱ።
3. በአካባቢያችሁ ሕመምተኛ ያለበት ቤተ ሰብና ጎረቤቶቹ እንዴት ሊደጋገፉ እንደሚችሉ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ችግሩን፣ በሁለተኛው ምክንያቱን፣ በሦስተኛው መፍትሔውን ግለጹ። የማንንም ሕመምተኛ ስም አትጥቀሱ።