ኤኢዲ መቼ ይለጠፋል? ለአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኞች

በአቃቂ ቃሊቲ ብየዳ ላይ ወይም ጭነት ሲያወርድ የነበረ ሰው ድንገት ቢወድቅ፣ መጀመሪያ የሚደርስለት ሐኪም ሳይሆን አጠገቡ የሚሠራው ባልደረባው ነው። ብዙ ጊዜ ልቡ ጸጥ አላለም፤ በተዘበራረቀ ሁኔታ እየተንቀጠቀጠ ደም መርጨት አቅቶታል። ኤኢዲ የተባለው አነስተኛ መሣሪያ ያንን መንቀጥቀጥ በኤሌክትሪክ ንዝረት ያቆመዋል። ደረቱን የሚጫንለት ከሌለ፣ ንዝረቱ በዘገየ ቁጥር በየደቂቃው የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

መሣሪያው የሚያስፈልገው ሲጠሩት ለማይሰማና በትክክል ለማይተነፍስ ሰው ነው። ትከሻውን መታ መታ እያደረጋችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት፤ ደረቱንም ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ እዩ። እየቆየ የሚመጣ፣ ማንኮራፋት የሚመስል የአየር መሳብ ትንፋሽ አይደለም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ይተነፍሳል እኮ!» ብለው ይጠብቃሉ። ልቡ ደም መርጨት ያቆመ ሰው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሊንፈራገጥም ይችላል። የሚጥል በሽታ ነው ብላችሁ ክብሪት አትጫሩ፤ መንፈራገጡ እንዳበቃ ትንፋሹን እዩ። ራሱን ስቶ በደንብ የሚተነፍስ ከሆነ ግን በጎኑ አስተኙት፤ ኤኢዲ አያስፈልገውም።

ኤሌክትሪክ ይዞት ከሆነ ከመንካታችሁ በፊት ኃይሉን አጥፉ። ከዚያ አንዱ 907 ይደውል፣ ሌላው መሣሪያውን ያምጣ፣ ሦስተኛው ደረቱን መጫን ይጀምር፦ መሐል ደረቱ ላይ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ።

መሣሪያው ሲደርስ አብሩት፤ መጫኑ ግን አይቋረጥ። ደረቱን ግለጡ፤ ላብ ወይም ውሃ ካለ አድርቁ። ሴት ከሆነች ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ ሌሎች በነጠላ ይከልሏት፣ እናንተ ሥራችሁን ቀጥሉ። አንዱን ተለጣፊ ፓድ በሰውየው ቀኝ በኩል ከአንገቱ ሥር ካለው አጥንት ዝቅ አድርጋችሁ ደረቱ ላይ፣ ሌላውን በግራ ከብብቱ ሥር ጎኑ ላይ ለጥፉ። ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሕፃናት ፓድ ከሌለ ከአዋቂው ፓዶች አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከጀርባ ለጥፉ።

መሣሪያው የልብ ምቱን ሲመረምር ሰውየውን ማንም አይንካው። ንዝረት ያስፈልጋል ካለ «ዞር በሉ!» ብላችሁ፣ ዙሪያውን አይታችሁ ቁልፉን ተጫኑ። ወዲያው ወደ ደረቱ ተመለሱ፤ መሣሪያው በየ2 ደቂቃው እንደገና ይመረምራል። «ንዝረት አያስፈልግም» ቢል ሰውየው ድኗል ወይም ሞቷል ማለት አይደለም፤ ካልተነፈሰ መጫን ቀጥሉ። የማያስፈልገውን ሰው መሣሪያው ራሱ ስለማይነዝር አትፍሩት።

መሣሪያው እያለ ሰውየውን ታክሲ ላይ ጭኖ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል መሮጥ ትክክል አይደለም፤ በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ደረትን በደንብ መጫን አይቻልም። አምቡላንስ እስኪመጣ እዚያው ሥሩ፤ ፓዶቹንም አታንሡ።

የፋብሪካ ባለቤቶች ሆይ፣ መሣሪያውን ገዝታችሁ ቢሮ ውስጥ አትቆልፉበት። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛም በሚደርስበት ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች በእንግሊዝኛ ስለሚናገሩ ሠራተኞቻችሁን አስቀድማችሁ አለማምዱ፣ የባትሪውንና የፓዶቹንም የአገልግሎት ጊዜ በየወሩ እዩ።