ጓያን አዘጋጅቶ ማብሰል ለወጣቶች

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች ዝናብ ሲያጥር ድርቅን የሚቋቋመው ጓያ ለቤተሰብ መጠጊያ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጓያን ብቻ ለወራት መመገብ የማይድን የእግር ሽባነት ያስከትላል። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 በወሎ፣ ደላንታ ዳውንት በደረሰው ወረርሽኝ ይበልጥ የተጎዱት ወጣት ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ ልጆች በየቤታቸው የሚከተለውን እንዲማሩ እንድታደርጉ እናሳስባለን፦

1. ጓያውን በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደርና ውሃውን መድፋት፤ መርዙ በውሃ ስለሚሟሟ ይቀንሳል።
2. አድርቆ ከፈጩ በኋላ ከገብስ፣ ከስንዴ ወይም ከማሽላ ዱቄት ጋር መቀላቀል።
3. እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን አለማዘውተር፤ መቁላት መርዙን ፈጽሞ አያጠፋም።

ከብት ጠባቂው ልጅ ስንቁ የጓያ ቆሎ ብቻ አይሁን። እግሩ ከከበደው ጓያውን ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።