ቡአ፣ ሳልና የወገብ መርፌ

ሶማሌላንድ የመጀመሪያዎቹን የኮቪድ ታማሚዎች ያሳወቀችው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ ሐርጌሳ ውስጥ ቡአውን ተሠርቶ በዚያው ቀን ቤቱ ሊገባ ያሰበ ሰው፣ ‹‹መቼ ነው የምሠራው?›› ከሚለው ሌላ ‹‹በምን ደንዝዤ?›› ብሎ መጠየቅም ነበረበት።

በሙሉ ሰመመን ለሚተኛ ሰው ብዙ ጊዜ በጉሮሮው ቱቦ ይገባለታል። ባለሙያው ይህን የሚያደርገው ከታማሚው አፍ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ነው፤ ቱቦው ሲወጣም ታማሚው ይስላል። በወረርሽኙ መጀመሪያ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበራት ‹‹ከተቻለ የሚሠራውን የአካል ክፍል ብቻ አደንዝዙ›› ያሉት ለዚህ ነው። በኋላ ሲለካ ቱቦ ማስገባቱ እንደተፈራው ብዙ ብናኝ አይረጭም፤ ሳል ይብሳል። ቢሆንም ምክሩ የሚጣል አይመስለኝም። ማስኩን እንዳደረገ ራሱ የሚተነፍስ ታማሚ ማሽንም ሆነ ብዙ ኦክስጅን አይሻማም።

የወገብ መርፌ የሚሰጠው ታማሚው ተቀምጦ ጀርባውን እንዳጎበጠ ነው። ማደንዘዣው መድኃኒት ቡፒቫኬይን ሲገባ እግሩ ይሞቀዋል፣ ከዚያ ይከብደዋል። በአልኮል የራሰ ጥጥ ሆዱ ላይ ሲነካ ቅዝቃዜው ካልተሰማው ደንዝዟል ማለት ነው። ይህች ፍተሻ አትዘለል! መርፌው ሳይሠራ ቢላዋ ከተነሳ፣ መሀል ላይ በጥድፊያ ወደ ሙሉ ሰመመን መዞር ይመጣል፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው።

የወገብ መርፌም ጣጣ አለው። የደም ግፊት ይወርዳል፣ እግር ለሰዓታት አይታዘዝም፣ አንዳንዱም ሽንት እምቢ ይለውና ሳይሸና ወደ ቤቱ አይሸኝም። ስለዚህ ለትንሽ የብሽሽት ቡአ እኔ የምመርጠው ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ቦታው ላይ የሚወጋውን ማደንዘዣ፣ ሊዶኬይንን ነው፤ ታማሚው ቶሎ ተነስቶ ይሄዳል። ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣም ትንፋሽን ብዙም አይነካም፤ ነገር ግን ምራቅ ያበዛል። የሚሠራው ክንድ ከሆነ ደግሞ ከአንገት ይልቅ በብብት በኩል ማደንዘዝ ይሻላል፤ የአንገቱ መርፌ በዚያ ጎን ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ሊያሰንፍ ይችላልና።

በቅርቡ ኮቪድ የያዘው ሰውስ? እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ ከ140,000 በላይ ታካሚዎችን ያካተተ ዓለም አቀፍ ጥናት ከተያዙ 7 ሳምንት ሳይሞላቸው የተሠሩት ላይ ሞት ከፍ ብሎ አግኝቷል። ስለዚህ በዚያ ጊዜ የማያጣድፍ ቡአ ይጠብቅ ነበር። አልመለስ ብሎ የታነቀና የሚያስመልስ ቡአ ግን ቀጠሮ አያውቅም፤ ሙሉ ሰመመን ካስፈለገም ይሰጣል። ያኔ ክፍሉ ውስጥ የሚቆየው ሰው ይቀነሳል፣ ቱቦውንም የሚያስገባው በልምድ ከሁሉም የሚበልጠው ይሆናል።