ተሰናድቶ የተቀመጠ እንቅስቃሴና የማስታወቂያ ሴኮንዶች

የአኒሜሽን ማስታወቂያ ማሠራት ዛሬ ለትልልቅ ድርጅቶች ብቻ የተተወ አይደለም። ዋጋውን ካቃለሉት ምክንያቶች አንዱ በኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ውስጥ ተሰናድተው የሚገኙ እንቅስቃሴዎች ናቸው። ባለሙያዎች «ፕሪሴት» ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ የቀረበውና ዛሬ የአዶቤ ኩባንያ የሆነው አፍተር ኢፌክትስ እነዚህን በብዛት ከያዙት ፕሮግራሞች አንዱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለሙያው አንድ ጽሑፍ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በ«ኪፍሬም» ምልክት ያደርጋል፤ በመካከል ያሉትን ሥዕሎች ኮምፒዩተሩ ይሞላል። ፕሪሴት ማለት እነዚህ ምልክቶች አስቀድመው ተሠርተው የተቀመጡበት ነው። እንደ ዝግጁ ልብስ ወዲያው ይለበሳል፤ በልክ ካልተስተካከለ ግን ይሰፋል ወይም ይጠባል።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና፣ በዋግ ኽምራ ከምትገኘው ደሃና ወረዳ ማር እያስመጣ አዲስ አበባ የሚያከፋፍል ነጋዴ ይታሰብ። የ15 ሴኮንድ ማስታወቂያ አሠራ። ፊደል በፊደል የሚጽፈው ፕሪሴት ሥራውን በ2 ሴኮንድ ይጨርሳል እንበል። «የደሃና ማር» 6 ፊደል ስለሆነ በሴኮንድ 3 ፊደል እያለ ይጎተታል። 40 ፊደል ያለው አድራሻ ግን በዚያው 2 ሴኮንድ ውስጥ በሴኮንድ 20 ፊደል ይሮጣል። ጊዜው የተወሰነው ለፕሪሴቱ እንጂ ለጽሑፉ አይደለምና።

ኪሣራው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ለአድራሻው 4 ሴኮንድ ተመድቦ፣ 2ቱን መግቢያው፣ 1ዱን መውጫው ከወሰዱት፣ ጽሑፉ ቆሞ የሚነበበው 1 ሴኮንድ ብቻ ነው። መግቢያው ወደ ግማሽ ሴኮንድ ቢያጥርና መውጫው ቢቀር፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ 3 ሴኮንድ ተኩል ይገኛል። ለዚህም ባለሙያው የመጨረሻውን ኪፍሬም ወደ መጀመሪያው ማስጠጋት ብቻ ይበቃዋል።

ሌላም ጥንቃቄ ያሻል። ብዙ የተሰናዱ ሥራዎች ለላቲን ፊደል የታሰቡ በመሆናቸው፣ የግዕዝ ፊደል በሌለው ፎንት ላይ አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊታይ ይችላል። እንዲሁም ያው ፕሪሴት ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ የማሩ ስም የሲሚንቶ ማስታወቂያ በገባበት አኳኋን ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ውል ሲፈጸም የትኛው እንቅስቃሴ ዝግጁ፣ የትኛው አዲስ እንደሚሠራ ተጠይቆ ዋጋው በዚያው ልክ ሊቆረጥ ይገባል። ቀሪው ክፍያ ከመሰጠቱ በፊትም ማስታወቂያው አይቶት ለማያውቅ ሰው ድምፁ ተዘግቶ አንድ ጊዜ ይታይ። ሰውየው የዕቃውን ስምና የሚሸጥበትን ቦታ መናገር ካልቻለ፣ ሥራው ገና አላለቀም።