የመረጃን አካሄድ በሥዕል ስለ መግለጽ፤ ምሳሌውም የማዳበሪያ ጥያቄ

በመስኖ የሚያርስ ሰው ቦይ ከመቅደዱ በፊት ውሃው ከየት እንደሚነሣና በየት አልፎ ከየትኛው መደብ እንደሚደርስ አስቀድሞ ይመለከታል። በጽሕፈት ቤት ግን ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መንገዱን አስተውሎ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። መዝገብን ወደ ኮምፒዩተር ለማግባት በሚታሰብበት ጊዜ ይህ ጉድለት ብዙ ገንዘብ ያስጠፋል፤ መንገዱ ያልታወቀ ሥራ ለመሣሪያ ቢሰጥ ስሕተቱ ይፈጥናል እንጂ አይጠፋምና።

ለዚህ የሚረዳው ዘዴ የመረጃ ፍሰት ሥዕል ይባላል። በ1970ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ላሪ ኮንስታንታይን፥ ኤድዋርድ ዮርደንና ቶም ዴማርኮ በጽሑፎቻቸው አስፋፍተውታል። ምልክቶቹ አራት ብቻ ስለ ሆኑ ማንኛውም ሹም በአንድ ቀን ሊያውቃቸው ይችላል። ሥራ በክብ ይሣላል፤ የሚተላለፈው ቃልና ቍጥር በቀስት፤ መዝገብ በሁለት ትይዩ መስመሮች፤ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ያለ ሰጪ ወይም ተቀባይ በአራት ማዕዘን ይሣላል። በየክቡ ላይ የሚሠራው ሥራ፥ በየቀስቱም ላይ የሚተላለፈው ነገር ስሙ ይጻፋል፤ ስም ሊወጣለት ያልቻለ ቀስት ሣዩ ነገሩን ገና እንዳላወቀው ያስታውቃል።

የማዳበሪያ ጥያቄ ለምሳሌ ይወሰድ። ገበሬው የሚፈልገውን ዓይነትና ኩንታል በቀበሌው ያስመዘግባል፤ ቍጥሩም በወረዳ፥ በዞንና በክልል በኩል እየተደመረ ለግብርና ሚኒስቴር ይደርሳል። ዕቃው ከውጭ አገር ተገዝቶ ከመጣ በኋላ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ይታደላል። ጆንያው ራሱ ግን በሥዕሉ ውስጥ አይገባም፤ የሚገባው ስለ ጆንያው የተጻፈው ነው። ይህን ሳይለይ የሚሥል ሰው የጭነት መኪና መንገድ ሥሎ ይቀራል።

አስቀድሞ የወረዳው ሥራ በሙሉ እንደ አንድ ክብ ሆኖ ይሣላል፤ ቀበሌው፥ ዞኑና ማኅበሩ በዙሪያው ይቆማሉ። ቀጥሎ ያ ክብ ተከፍቶ ጥያቄ መቀበል፥ ከይዞታ መዝገብ ጋር ማመሳከር፥ መደመር፥ ድልድል ማውጣት ተብሎ ይከፈላል። ወደ ትልቁ ክብ የገባውና ከእርሱም የወጣው ቀስት ሁሉ በታናናሾቹ መካከል መገኘት አለበት።

የሥዕሉ ጥቅም የሚገለጸው በዚህ ጊዜ ነው። በአንድ ወረዳ «መደመር» ከተባለው ክብ የሚወጣው የኩንታል ድምር ብቻ ነው እንበል። የገበሬዎቹ ስም ከዚያ ወዲያ በየትም አይሄድም። ዕቃው ሲመጣ ግን «ድልድል ማውጣት» የተባለው ክብ ስም ይፈልጋል፤ የሚያመጣለት ቀስት የለም። ስለዚህ አዳዩ በመጋዘኑ ደጅ ሌላ ዝርዝር ለመጻፍ ይገደዳል፤ በወቅቱ ያስመዘገበው ገበሬና ዛሬ የመጣው እኩል ይሆናሉ፤ ክርክርም ይነሣል። ጥፋቱ የአዳዩ ይመስላል፥ በእውነት ግን የቀስቱ ነው።

እንደዚሁም በድምሩ ቅጽ ላይ «ካለፈው ዓመት የተረፈ» የሚል ዓምድ ሊኖር ይችላል። ከማኅበሩ የመጋዘን መዝገብ ወደዚያ ክብ የሚገባ ቀስት ከሌለ ቍጥሩ ከጸሐፊው ግምት የተወለደ ነው። ባለሙያዎች ምንም ሳይገባበት የሚወጣበትን ክብ ተአምር ይሉታል። በአንጻሩ ብዙ ወረቀት እየገባበት ምንም የማይወጣበት ክብም ይገኛል፤ እንዲህ ያለውን ቅጽ ሹሙ በደስታ ሊያስቀረው ይገባል፥ የልማት ሠራተኛውን ከእርሻ ማሳ ወደ ጠረጴዛ ከመሳብ በቀር ጥቅም የለውምና።

ሥዕሉን የኮምፒዩተር ባለሙያ ሊሥለው ይችላል፤ ሥራውን ግን የሚያውቀው ሹሙና የቀበሌው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ሳይጸድቅ በፊት አንድ እውነተኛ የጥያቄ ወረቀት በእጅ ተይዞ፥ ጣት በየቀስቱ ላይ እየሄደ፥ የሁለቱ ቃል ይሰማ። «እኛ እንዲህ አንሠራም» የሚል ቃል ከተሰማ ሥዕሉ ይቃናል፤ የወረቀት ሥዕል ማረም ቀላል ነው።

አንድ ነገር ግን ሥዕሉ አያሳይም፤ ይኸውም ጊዜን ነው። ቀስት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ይናገራል እንጂ በሚያዝያ ይሁን በሐምሌ አይናገርም። በቆሎ ከጤፍ ቀድሞ ስለሚዘራ ማዳበሪያውም ቀድሞ ይፈለጋል፤ ለሁለቱ አንድ የመጨረሻ ቀን ቢቈረጥ አንደኛው ይጐዳል። ስለዚህ ከሥዕሉ ጋር የእያንዳንዱ ቀስት ስም፥ በውስጡ ያሉት ዓምዶች፥ ጸሐፊው ማን እንደ ሆነና ለየሰብሉ የሚደርስበት የመጨረሻ ቀን በሠንጠረዥ ተጽፎ ይያያዛል።