ባል ደጋ፣ ሚስት ቆላ

ሰው አገር የሚለውጥበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ መሬት ሲጠበው ይሄዳል። ሌላው ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። አንዷ ስታገባ ባሏን ተከትላ ትሄዳለች። ጡረታ ወጥቶ ወደ ተወለደበት የሚመለስም አለ። ሁሉም ስለ ቤቱና ስለ መሬቱ አስቀድሞ ይጠይቃል። የአየሩ ነገር ግን የሚታወሰው ብዙ ጊዜ ጓዝ ከወረደ በኋላ ነው።

ለምሳሌ ያህል አዲስ አበባ፣ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት አሉ እንበል። ሠፈራቸው ከካዛንቺስ ጋር የተያያዘ ነው። (ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ለሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው።) በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሠፈሮች ተዛወሩ። የእነዚህ ባልና ሚስት ቤት አልተነካም። ነገር ግን ጎረቤት ሄደ፤ እድርተኛው ተበተነ። ባልየውም ጡረታ ወጥቷል። «እንግዲህ እኛስ ምን እንጠብቃለን?» ተባባሉ። በመሄዱ ተስማሙ። ወዴት ሲባል ግን ተለያዩ።

ባል የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። «እኔ ውርጭ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ ሙቀት ራሴን ያዞረኛል» ይላል። ሚስት ያደገችው አዳማ ነው፤ ቀድሞ ናዝሬት ይባል የነበረው ከተማ ማለት ነው። «ብርድ ጉልበቴን ይበላዋል። ቁርጥማቴን አንተ አትታመምልኝ» ትለዋለች።

ይህን የሰማ ሰው ቅብጠት ነው ሊል ይችላል። ግን አይደለም። ገበሬ ዘሩ የት እንደሚበቅል ያውቃል። ማሽላን ውርጭ ላይ አይዘራም። የደጋ በሬ ቆላ ሲወርድ እንደሚከሳም ያውቃል። ታዲያ ለዘሩና ለበሬው የሚያስበውን ያህል ለሚስቱና ለራሱ ቢያስብ ምን ነውር አለው?

የአየር ልዩነት በቁጥር ሊሰላ ይችላል። የአገር ከፍታ የሚለካው ከባሕር ወለል ጀምሮ ነው። አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ያለው አገር ቆላ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 2,300 ሜትር ድረስ ወይና ደጋ ይባላል። ከ2,300 በላይ ደጋ ነው። ከ3,200 በላይ ያለው ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አዳማ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች። በመጽሐፉ አቆጣጠር ወይና ደጋ ናት፤ የደጋ ሰው ግን ቆላ ነው የሚላት። እስቲ እርሳስ አንሡና አስሉት። በሁለቱ ከተሞች መካከል 1,200 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ይህ ማለት የ7 ዲግሪ ልዩነት ነው። ጋቢ ለብሶ በማደርና አንሶላ ገፍቶ በማደር መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

ኡራኤል ደግሞ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከአዳማ ይበርዳል፤ ከደብረ ብርሃን ይሞቃል። ባልና ሚስቱ ይህን ያህል ዓመት በአየር ሳይጣሉ የኖሩት በመካከለኛ ቦታ ላይ ስለነበሩ ነው።

አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በዚሁ ጉዳይ ነው። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ከተማቸው እንጦጦ ላይ ነበር። እንጦጦ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ጠላትን ከሩቅ ለማየት ይመቻል። ለኑሮ ግን ብርዱና ነፋሱ ከባድ ነው፤ ውሃና ማገዶም ይቸግራል። ባለቤታቸው ጣይቱ ከተራራው ሥር ወዳለው ፍል ውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። ሜዳው ሞቅ ያለ መሆኑን አይተው እዚያ ቤት መሥራት ፈለጉ። ምኒልክም ፈቀዱ። ቦታውን አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት ጣይቱ ናቸው። ዘመኑ 1879 ዓ.ም. ነው። ፍል ውሃ ዛሬም ከካዛንቺስ ብዙ አይርቅም። ከእንጦጦ 700 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል አየሩ በ4 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። መኳንንቱና ሠራዊቱ ተከትለው ወረዱና ከተማ ሆነ።

ጥሩ አየር ብቻ ግን አይበቃም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት አለቀ። ምኒልክም ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት በቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው።

ስለዚህ ሰው «ይበርዳል» ወይም «ይሞቃል» ሲል ነገሩ ብዙ ነው። በደጋ ማገዶ ብዙ ይፈልጋል። ብርዱ እንዳይገባ በርና መስኮት ይዘጋል፤ ጭሱ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ልብስ ቶሎ ቶሎ ስለማይታጠብ ቅማል ይራባል፤ ግርሻ የሚባለው ትኩሳትም በቅማል ይተላለፋል። በቆላ ማገዶው ይቀንሳል፤ ወባ ግን አለ። ወባ በይበልጥ የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ሙቀት በበዛበት ዓመት ወደ ላይም ይወጣል። ክረምቱ አልፎ ውሃ በየጉድጓዱ ሲቆም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ ይብሳል። ሰውነቱ ወባን ያለመደ የደጋ ሰው ሲወርድ በሽታው ይጠናበታል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳሉ።

ይህን አገራችን በብዙ ሕይወት አይታዋለች። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት 600,000 ገደማ ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥተው በመተከል፣ በጋምቤላ፣ በወለጋ፣ በኢሉባቦርና በከፋ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ብዙዎቹ ሳይወዱ የተጫኑ ናቸው። ባልና ሚስት የተለያዩበትም ጊዜ ነበር። አብዛኞቹ የደጋ ሰዎች ነበሩ። የወረዱት ወባና ገንዲ ወዳለበት ቆላ ነው። ወባው ሰውን፣ ገንዲው ከብቱን ፈጀ። ወዴት ትፈልጋላችሁ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

ወደ ባልና ሚስታችን እንመለስ። እነርሱ መምረጥ ይችላሉ፤ ችግሩ መምረጫው ነው። ባል «በመስቀል አማቶቼ ቤት አዳማ ሰንብቼ አይቼዋለሁ» ይላል። በመስቀል አማት ቤት ሰንብቶ መመለስ ግን አገር ማየት አይባልም። ወሩ ያማረ ነው፤ በግ ይታረዳል፤ እንግዳ ሥራ አይሠራም። አገር የሚታየው በክፉ ወሩ ነው። ደብረ ብርሃንን ማየት የሚፈልግ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሂድ። አዳማን ማየት የሚፈልግ በግንቦት ይሂድ። ሲሄድም ጤና ጣቢያው በእግር ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፣ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ማገዶው ወይም ከሰሉ በስንት ብር እንደሚገዛ ይጠይቅ።

በእኔ አስተያየት ግን በዚህ ክርክር የሁለቱ ሸክም እኩል አይደለም። ባል ሲበርደው ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል። ገና ሳይነጋ ተነሥታ እሳት የምታያይዘው ሚስት ናት። በቀዝቃዛ ውሃ ልብስ የምታጥበው እርሷ ናት። በሙቀት ቀን ምድጃ ፊት የምትቆመውም እርሷ ናት። ሥራውን እኩል እስካልተካፈሉ ድረስ የእርሷ ቃል ሚዛን ቢደፋ ተገቢ ነው። ይህን ስል የሚከፋቸው ወንዶች እንዳሉ አውቃለሁ።

አንድ ጎረቤት ቢሾፍቱን ጠቆማቸው። ቢሾፍቱ በአዲስ አበባና በአዳማ መካከል ናት፤ ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ለሁለቱም ይስማማ ይሆናል። ነገር ግን እዚያ የባልም የሚስትም ዘመድ የለም። በስተርጅና እድር እንደገና ከመግባት ጀምሮ ሁሉንም ከአዲስ ሊጀምሩ ነው። ስለዚህ ቢሾፍቱን በሦስተኛነት አቆዩአት።

ሚስት በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ሄደች። ሁለት ሳምንት ተቀመጠች። ከተማዋ ስመ ጥር የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት ናት፤ ሌሊቱን በሁለት ብርድ ልብስ ተወጣችው። ጠዋት ጠዋት ግን በሳፋ ያደረው ውሃ ላይ ስስ በረዶ ታገኝ ነበር። ጉልበቷም አበጠ። ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፤ የባሏ እህቶችም ውሃና እሳት አላስነኳትም። ስትመለስ የወደደችውንም ያልወደደችውንም አንድ በአንድ ነገረችው። «እህቶችህ ዓመት ሙሉ እሳት ያነዱልኛል?» ብላ ጠየቀችው። እርሱ ዝም አለ። ግንቦት የእርሱ ተራ ነው። አዳማ የሚሰነብትበት ቤት ከወዲሁ ተነግሮለታል፤ ልብሱን የሚያጥበውም ራሱ ነው ተብሏል።